በሦስት ፍላሽ የተከፈለው ሠርግ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ደሞዜ ያጠፋሁትን እንዳትደግሙት ነው።

አንበሳሜ ላይ፣ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ጠብ ተነሣና የሺዋስ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ወንድሙ ማሬ የወጋው ደረጄ ነው ብሎ ክላሹን ወለወለ። ደረጄ እጄ የለበትም አለ። በዚያ ግርግር በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም። የቪዲዮ ቀራጯ የእሌኒ ካሜራ ግን፣ እሷ ምሳ ልትበላ ስትሄድ፣ ብቻውን ሲቀርጽ ቆይቷል።

በሽምግልና ገባሁ። ደም ሳይበርድ ያየ ሰው ሌላ ደም ያፈሳል ብዬ፣ ከአርባው በኋላ ሁሉም ባለበት ይታይ አልሁ። እስከዚያ ማን ይያዘው? መተማመን የለም። ደብረ ታቦር እሌኒ ሱቅ ሄድን። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ በአንድ ፍላሽ አይገባም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል፣ መልሶም ይገጥመዋል፤ አንዱ ቁራጭ ከጎደለ አይከፈትም አለችን። ደስ አለኝ። አንዱን ለደረጄ፣ አንዱን በማሬ ወገን ለአጎቱ ልጅ ለይሻው ሰጠሁ፤ ሦስተኛውን እኔ ያዝሁ። ማንም እንዳይነካካው ብዬም ዋናውን አስጠፋኋት።

“አባባ፣ አንድ ቅጂ እንኳ ይቅርልኝ” አለች።

“ቅጂ ካለማ ምኑን ተካፈልነው?” አልኋት።

በቀጠሮው ቀን ይሻው ባዶ እጁን መጣ። ኪሱን እየዳበሰ ጠፋብኝ ብሎ ማለ። እሌኒ ሁለቱን ቁራጭ ብትሞክር እምቢ አለ። ደረጄ ፈገግ አለ።

“የገዛ ወገኑ ነው የደበቀው። ለምን እንደደበቀ እሱን ጠይቁት።”

መሣሪያ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር ብዬ ነበር፤ ማሬ ከጋቢው ሥር ክላሹን አወጣ። መጀመሪያ ወደ ደረጄ አነጣጠረ። መሀል ብገባ ግንባሬን በሰደፍ ብሎ ጣለኝ። ደሙ ዓይኔን እየጋረደኝ፣ አፈሙዙ ወደ ይሻው ሲዞር አየሁ።

“አንተ ነህ?”

“ማሬ፣ አብረን አይደል የቀበርነው” አለ ይሻው።

ሦስት ጊዜ ተኮሰበት። ደረቱ ተበሳሳ። ሲሞት እጁ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ገና እየፈለገ።

ማሬ ታሰረ። የይሻው እናት ፈንታነሽ የልጇን ኮት በተረከበች ጊዜ፣ ደም ባደረቀው ገበር ውስጥ ጠጣር ነገር ዳሰሰች። ኪሱ ቀዳዳ ነበር፤ ፍላሹ በዚያ ሾልኮ ኖሯል።

እሌኒ ሦስቱን ገጠመች። ተከፈተ። ጩቤው በደረጄ እጅ ነው፤ ሁለቴ ሲወጋው ይታያል። ይሻው ተንበርክኮ የየሺዋስን ቁስል በነጠላው አፍኖ ይጮሃል። ደረጄ ግን ያን ጊዜ አገር ለቋል።

ሙሉውን ለፖሊስ ሰጠን። ለማሬ በአፌ ልነግረው ማረሚያ ቤት ሄድሁ። ሰምቶ ጠየቀኝ።

“ይሻው ምን እያለ ነበር የሚጮኸው፣ አያ ደሞዜ?”

“አንተን ነበር የሚጠራ” አልሁት። “ማሬ፣ ድረስልን ይላል።”