«እሺ» የሚለው ቁልፍ

ኮምፒውተር ጠጋኟ የአዋላጇ ስልክ እንደ ደረሳት ጨርቄን ማቄን ሳትል ቤታቸው መጣች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችና ስክሪኑን አየችው። «ፋይሎችዎ ተቆልፈዋል፤ ካልከፈሉ አይከፈቱም» ይላል፣ በተንሻፈፈ ትርጉም። ሌባው እንኳ አንቱታ አልጠፋበትም።

«ምኑን ነክተው ነው?» አለች።

«እሺ የሚለውን» አሉ አዋላጇ።

ሌላ ምን ይነካሉ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው እንጂ አርባ ዓመት ሙሉ በራቸው በተንኳኳ ቁጥር፣ ዝናብ ነው ጨለማ ነው ሳይሉ፣ እሺ ብለው ወጥተዋል። ሰፈሩም «እትዬ እሺ» ይላቸዋል። ያዋለዷቸውን ልጆች ሁሉ በደብተር መዝግበው ኖሩ፤ ሰዓቱን፣ ደጅ ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ እናት ምን እንዳለች። ደብተሮቹን አይጥ ሲጀምራቸው፣ ሁለት ዓመት ፈጅተው በአንድ ጣት እየለቀሙ ወደ ኮምፒውተር ገለበጧቸው፤ ደብተሮቹ ከዚያ ወዲያ ተበልተው አለቁ። እናታቸው በወሊድ የሞተችባቸው ልጆች የመጨረሻ ቃሏን ሊሰሙ እዚህ ቤት ይመጣሉ። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ጠጋኟም የዛሬ ስድስት ዓመት የመጣችው ለዚሁ ነበር፤ ወዳጅነታቸው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ያን መዝገብ ለመጠበቅ ብዙ አልተራቀቀችም። ራሱን የሚያድስ ጸረ ቫይረስ ጫነች። ለዘወትር የሚገቡበት፣ አዲስ ፕሮግራም መጫን የማይችል አካውንት ከፈተችላቸው፤ የመጫኛውን ይለፍ ቃል ለራሷ ያዘች። ዲስክም ገዝታ፣ «በየሳምንቱ ገልብጠው ሲጨርሱ ነቅለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት» አለቻቸው። እሺ አሏት።

«በሉ ዲስኩን ያምጡልኝ።»

አዋላጇ ዲስኩን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መሬት መሬት አዩ። «ጎረቤቴ የልጇን ምርቃት ቪዲዮ ልትይዝበት ብትለምነኝ…»

«አዋሷት?»

«የነበረውን አጥፍታ ነው የመለሰችው። እሷም አላወቀች።»

ጠጋኟ ተናደደች። ተቆጥቶ አንቱ ማለት ደግሞ ጭንቅ ነው፤ ቁጣው አንደበት ላይ ይጎተታል። «እትዬ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ለለመነ ሁሉ ይሰጣል? ሌባ መጥቶ ቁልፍ ቢለምንዎትስ?» እያለች ክፍሉን ተመላለሰችበት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳልና በመጨረሻ አመለጣት።

«አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «የሰው እናት ነው ያጠፋሽው።»

አዋላጇ ነጠላ ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁና ተነሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት የለም።

«ያ መስኮት ብቅ ሲል እሺን ነካሁ። አልሄደልኝም፤ ይለፍ ቃል አምጪ አለኝ። ስለሌለኝ አንቺ ጋ ደወልኩ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት። የሚለውን ላንብብልሽ ብልሽ፣ ሥራ ላይ ነኝ አይጨቅጭቁኝ ብለሽ፣ ቃሉን ነግረሽኝ ዘጋሽው።»

ትዝ አላት። የተፈቱ ሁለት ማሽኖች ፊቷ ተዘርግተው፣ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ያን ሁሉ የተጠበቀ ይለፍ ቃል እንደ ስልክ ቁጥር ጠራችላቸው። ምን ሊጫን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ንዴቱ አልበረደላትም፤ ወደ ራሷ ዞረ እንጂ። ምላሷን ብትነክሰው ደስ ባላት።

«ይህን እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ አስወራሽኝ?»

ጠጋኟ ዲስኩን ከጠረጴዛው አነሳች። «ቪዲዮው በላዩ ቢጫንም ከሥር የተረፈ ሊኖር ይችላል። የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም መሥሪያ ቤት አለኝ። ነገ ይዤው ልምጣ?»

አዋላጇ እጃቸውን ዘርግተው ዲስኩን ከእጇ ወሰዱት። በሩን ከፈቱላት።

«እምቢ» አሉ። «የሚሞክርልኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ አትምጪ።»