በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ጎን

ጓድ መኩሪያ ከአብዮቱ በፊት ጨርቅ ይሸጥ ነበር ይላሉ። ጨርቅ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ጨርቅ ሻጭ ቢያንስ ይለካል። ቢሮ ከገባ ወዲህ ግን አንድም ነገር ለክቶ ሲሠራ አላየሁትም።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊም የኮሚቴው ሊቀመንበርም እሱ ነበር። እኔ ተላላኪ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኮሚቴው ሲቋቋም “ጓድ ገረመው ጭቁኑን ይወክላል” ብለው ከጠረጴዛው ጥግ አስቀመጡኝ። የምናገረው ስላልነበረኝ ሰውን እመለከት ነበር።

ያን ክረምት ሥራችን አንድ የውሃ ገንዳ ነበር። ከቦሌ ወደ ቡልቡላ ሲወረድ ባለው ጉብታ ጫፍ ላይ የተሠራ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የኮንክሪት ገንዳ ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ መስከረም ላይ ተሞልቶ እንዲመረቅ ታዟል። ከጉብታው በታች የገበሬ ጎጆዎች አሉ። ገንዳው ቢፈርስ ውሃው የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው።

ግድግዳው መቻሉን አስልቶ የሚፈርመው መሐንዲሱ ዋቅቶላ ነበር። የወለጋ ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ ዝምተኛ። ጴንጤ ነው እየተባለ ይታማል። ፈርሞ ገንዳው ቢፈርስ መታሰሩ ነው። አልፈርምም ቢል አሻጥረኛ ይባላል፤ ያው መታሰሩ ነው። ይህን ጓድ መኩሪያም ያውቃል። እንቅልፍ ግን አልነሳውም።

ዋቅቶላ አሠራሩን ለኮሚቴው እንዲያስረዳ ተጠራ። ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሳለ።

“ኮምፒውተሩ የራሳችን አይደለም” አለ። “መሀል ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት የሚሰጠን ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ነው። ማሽኑም ትንሽ ነው። ግድግዳውንና አፈሩን በሙሉ ቆራርጬ ላስላ ብል አይችለውም። ስለዚህ የምቆራርጠው ጠርዙን ብቻ ነው። ዙሪያው በትክክል ከታወቀ የመሀሉን ከዚያ ማውጣት ይቻላል።”

ጓድ መኩሪያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “መሀሉን አትነካውም ማለት ነው?”

“በቀጥታ አልነካውም።”

“ሰፊው ሕዝብ የት ነው ያለው ጓድ? ጠርዝ ላይ ነው መሀል?”

ረታ ሳቀ። ረታ የግዥ ኃላፊው ነው፤ ሊቀመንበሩ ሲያስነጥስ ይማርህ ለማለት ከወንበሩ የሚነሳ ሰው። “ዙሪያ ዙሪያውን መዞር የአድርባይ ጠባይ ነው” ብሎ ደገፈ። ይህን ሲል አላፈረም።

ዋቅቶላ ጠመኔውን በጣቱ አሸ። “የመሀሉን ቁጥር የፈለጋችሁትን ያህል አወጣላችኋለሁ። ችግሩ እሱ አይደለም። ውሃው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ውጭ ያለው አፈር ደግፎ ይይዘዋል። የሦስቱን ጎን አፈር ለክተናል። አራተኛው፣ የምዕራቡ፣ የኮሎኔሉ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ያለውን ሳላውቅ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። የዚያ ጎን ብቻ አይደለም፤ የመሀሉም፣ የሌሎቹም።”

ኮሎኔሉ ከገንዳው ጋር አጥር የሚጋራ የጦር መኮንን ነው፤ ስሙ ሲነሳ ረታ ሳቁን ሰበሰበ።

“ደብዳቤ ይጻፍልኝና ገብቼ ልለካ።”

“ለኮሎኔሉ?” አለ ጓድ መኩሪያ። “ግቢዎን እንፈትሽ ብለን?”

“አፈሩን ነው የምለካው።”

“ማን ይፈርመዋል?”

ሁሉም ጠረጴዛውን አዩ። ልጅ የወለዱ፣ ጺም ያወጡ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

መላውን ያመጣው ረታ ነው። “የምሥራቁ ጎን ተለክቷል አይደል? የምዕራቡ ከምሥራቁ ጋር እኩል ነው ብለን ብንወስንስ?”

“ይሄ እኮ የሚለካ ነገር ነው” አለ ዋቅቶላ። “አይወሰንም።”

“የኮሚቴውን ሥልጣን እየተጠራጠርክ ነው?” አለው ጓድ መኩሪያ።

እጅ ወጣ። የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ነበር፤ ረታ ግን ቆጠረኝ። የገንዳው የምዕራብ ጎን ከምሥራቅ ጎኑ ጋር እኩል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔውም በዚያው ቀን ለበላይ አካል ተላከ።

በማግስቱ የኮምፒውተሩ ካርዶች ያሉበትን ካርቶን ይዤ ከዋቅቶላ ጋር ወጣሁ። ቁጥሩ በካርዶቹ ላይ በቀዳዳ ይጻፋል፤ ማሽኑ የሚያነበው ቀዳዳውን ነው። ካርቶኑን ወደ መሀል ከተማ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አውቶቡሱ መጣ። ዋቅቶላ አልተሳፈረም።

“ጋሽ ገረመው፣ የኮሎኔሉን በር ያንኳኳ ሰው አለ?”

“የለም።”

“ታዲያ የከለከለን ማነው?”

“ማንም። ፈርተን ነው።”

ወደ ጉብታው አቀና። ተከተልኩት። በሩን አንኳኳ፤ እኔ ካርቶኑን ከካፊያው በኮቴ ሸፍኜ ከኋላው ቆምኩ።

የከፈቱልን የኮሎኔሉ ባለቤት ወይዘሮ ምንትዋብ ናቸው። ኮሎኔሉ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ኮሚቴው ሲርድለት የነበረው ኮሎኔሉ የሌለበት ቤት ነው።

“ከገንዳው ነው የመጣችሁት?” አሉ። “እሰይ! ሰው ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ። ግቡ፣ ይሄን ጉድ እዩልኝ።”

ጉዱ ጉድጓድ ነበር። ኮሎኔሉ መኪና ማቆሚያ ላሠራ ብሎ ከገንዳው ግድግዳ ሥር ያለውን አፈር አስቆርጦ፣ ሳይጨርሰው ዘምቷል። ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ከሥሩ የዝናብ ውሃ ተኝቶ እንቁራሪት ይጮህበታል።

“የሚደፍንልኝ አጣሁ” አሉ ሴትየዋ። “ሌሊት በእንቁራሪት አልተኛም።”

ዋቅቶላ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሏል። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ላይ ሁለቱንም አሰላ። በኮሚቴው ጎን ሲሰላ ግድግዳው ይችላል። ባየነው ጎን ሲሰላ ገንዳው ሳይሞላ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ጓድ መኩሪያ ውጤቱን ሳያነብ ገፋው።

“ማን ፈቅዶልህ ገባህ?”

“የቤቱ ባለቤት።”

“ባለቤት? እኔ ሳልፈቅድ?”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጉድጓድ አለ። ገንዳው ይፈርሳል። ከታች ሰው አለ።”

“ውሳኔው ወደ በላይ ሄዷል። በሙሉ ድምፅ! አሁን ጉድጓድ አገኘን ልንል ነው? ይሄ ለስብሰባ ያልቀረበ ጉድጓድ ነው።”

ማንም አልሳቀም። ረታ እንኳ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ቁም ነገር ሰምቶ።

“ወይ ፈርም፣ ወይ አልፈርምም በልና ለሚመለከታቸው እናስተላልፍህ” አለ ጓድ መኩሪያ። ረታ እስክሪብቶ አቀረበ።

ዋቅቶላ እስክሪብቶውን ተቀበለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልናቅሁት ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሁን እሱንም ልንቀው ተዘጋጀሁ።

“እፈርማለሁ” አለ። “ውሳኔው ትክክል ነው።”

ረታ አጨበጨበ።

“ትክክል ያልሆነው መሬቱ ነው። ኮሚቴው እኩል ነው ብሏል፤ መሬቱ ግን ገና እኩል አልሆነም። ውሳኔ ወደ በላይ ሄዶ ሥራ ላይ ሳይውል ቢገኝ የሚጠየቀው ማነው?”

ጓድ መኩሪያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከተነገረው ሁሉ ጆሮው የገባው መጠየቅ የሚለው ነው። “ምን ይደረግ ነው የምትለው?”

“ዘመቻ። እሁድ ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ ጉድጓዱን ይድፈን። ኮሚቴው ይምራ። ሲያልቅ እፈርማለሁ።”

እጅ ወጣ። መሬቱ ከውሳኔው ጋር እንዲስተካከል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚህኛው የእኔም እጅ ነበረበት።

እሁድ ጓድ መኩሪያ በተተኮሰ ካኪ መጣ። ለወይዘሮ ምንትዋብ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ለባልየው ያዘጋጀው ፍርሃት ትርፍ ሆኖበት መሰለኝ። አካፋ ይዞ ፎቶ ተነሳ። አካፋውን ለረታ ሰጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

“ጓድ ሊቀመንበር!” አለ ዋቅቶላ ከጉድጓዱ ውስጥ። “የምሥራቁ አፈር ድንጋይ ነው። ይሄ ገና ልል ነው።”

“ሲሞላ ይበቃል እኮ።”

“ውሳኔው እኩል ነው የሚለው።”

ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ያየዋል። ጓድ መኩሪያ ተመለሰ።

አፈሩ በስሱ ይነጠፋል፣ በከባድ እንጨት ይደቀደቃል፣ ይለካል፣ እንደገና ይነጠፋል። እኔን ሽማግሌ ነው ብለው የገንዳው ግንብ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ሊቀመንበሩና ረታ ትይዩ ቆመው ሲደቀድቁ ዋሉ። የረታ ሱሪ ከኋላው ተተረተረ። ወይዘሮ ምንትዋብ ውሃ በጣሳ እያዞሩ “አይዟችሁ ልጆቼ” ይላሉ። ዋቅቶላ ይለካና “ገና ነው” ይላል። አንድ እሁድ አልበቃም። በሁለተኛውም “ገና ነው” አለ። የጓድ መኩሪያ መዳፍ ውሃ ቋጠረ፤ በስብሰባ ላይ ሲያነሳው አየሁት።

በመጨረሻ ዋቅቶላ ለካ፣ አሰላ፣ ፈረመ።

መስከረም ላይ ገንዳው ተሞላ። ግድግዳው ቻለ። ጓድ መኩሪያ መድረክ ላይ ወጥቶ ውጤቱ ኮሚቴው አስቀድሞ እንደወሰነው መሆኑን ተናገረ፤ ተሸለመም። ረታ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። የዋቅቶላን ስም ያነሳ አልነበረም።

ሲበተን ዋቅቶላን ገንዳው ጥግ አገኘሁት። ግድግዳውን በእጁ ይዳብሳል።

“እነዚህን ትክክል ናችሁ ስትል አፍህ አልተሳሰረም?”

“ተሳስሮ ነበር ጋሽ ገረመው።”

“ታዲያ?”

“ጉድጓዱ ሌላ በምን ይደፈን ነበር?”

መልሱ አልጣመኝም። እስከ ዛሬም አይጥመኝም። እንዲያ ካሉ ሰዎች ጋር በእነሱ አፍ መነጋገር ሰውን ያቆሽሻል።

ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የላዩን መንገድ ትቼ በምዕራቡ ጎን፣ በወይዘሮ ምንትዋብ ግቢ፣ በግድግዳው ሥር አለፍኩ። አፈሩን በእግሬ መታሁት። ደረቅ ነበር፤ ጠብታ ውሃ አልወጣበትም።