ኋላ ማርሽ

«ምንድን ነው ይሄ የሚቆረቁረኝ?» አሉ ጡረተኛው ዳኛ፣ ከሶፋው ላይ በአንድ ጎናቸው ብድግ ብለው። እጃቸውን ከትራሱ ሥር ሰደዱና አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዘው አወጡ። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል አለ። ከራስ ቅሉ በታች ሸራዋ የተቀዳደደ መርከብ፣ ከመርከቧ በታች ደግሞ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «ከታዋቂው የቪዲዮ ጌም የተወሰደ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ» ይላል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አድርገው አዩት። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው የራስ ቅል ታቅፈው መቀመጡ ደግ አልመሰላቸውም።

«የባለቤቴ ነው» አለ ሐዘንተኛው ሹፌር ከፊት ለፊታቸው።

«የማን?»

መልስ ሳይሰጥ ታላቅ እህቱ ከነሻይ ትሪዋ ደረሰች። «ኧረ የሰፈር ልጆች ጥለውት ነው!» ብላ መጽሐፉን ከእጃቸው ወሰደችና ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወንድሟን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«አንተ ደግሞ አፍህን ሞልተህ የባለቤቴ ነው ትላለህ? ያቺን የመሰለች ሴት የወንበዴ ታሪክ ታነብ ነበር ይባልብን?»

«አታነብም ነበር።»

«እንደሱ በል።»

«እኔ ነበርኩ የማነብላት፣ እታለም።»

እህቱ ወደ ብርጭቆዎቿ ዞረች። እሱም ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ደክሞት ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ድካምን ያውቀዋል፤ ይኼኛው ግን እንቅልፍ የሚያነሳው ዓይነት አልነበረም። ሰው በገባ ቁጥር ይነሳል፣ ይታቀፋል፣ «አይዞህ» ይባላል፣ እንዴት እንደሞተች ከመጀመሪያው ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ ሌላ ሰው ይገባል። እንደ ፌርማታ ነው፤ አንዱን አውርዶ ሌላውን ይጭናል።

ለቀስተኛው የተቀመጠበት ይኼ ሰፊ ክፍል ድሮ የእሷ ጌም ቤት ነበር። ቴሌቪዥኖቹ የተሰቀሉባቸው ብሎኖች ግድግዳው ላይ ዛሬም አሉ። ልጅ አልወለዱም፤ የሰፈሩ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ እዚህ ነው። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፣ «ካፒቴን» ነው የሚሏት። ሕጓ አንድ ነበር፦ የተሳደበ፣ ግራው የማይሠራውን ጆይስቲክ ይወስዳል። በዚያ ጆይስቲክ መርከብ ወደ ቀኝ ብቻ ስለምትዞር ምላሱን የማይሰበስብ ልጅ አልነበረም።

ቤቱ ጭር ሲል ራሷ ትጫወታለች። የምትወደው ያንን የወንበዴዎቹን ነበር። ሹፌሩ ከሥራ ሲገባ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ራትህ ምድጃው ላይ ነው፣ እኔ ማዕበል ላይ ነኝ» ትለዋለች። እሱም ሳህኑን ይዞ አጠገቧ ይቀመጥና ምንም ሳይገባው፣ «ፍሬን ያዢ እንጂ!» እያለ ያበሽቃታል።

ኋላ የነበረባት የስኳር በሽታ ዓይኗ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ጠፋባት፣ ቀጥሎ መርከቦቹ፣ በመጨረሻ ባሕሩ ራሱ። ጌም ቤቱ ተዘጋ። የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ስትውል ማየት ሹፌሩን አንጀቱን ይበላው ነበር። እዚያ ቤት ካደጉት ልጆች አንዱ፣ ዛሬ መካኒክ የሆነው፣ ጨዋታው በመጽሐፍ መውጣቱንና መተርጎሙን ሰምቶ ገዝቶ አመጣላት። «ካፒቴን፣ አሁን በጆሮሽ ተጫወችው» አላት።

ማንበቡ እንግዲህ የሹፌሩ ዕጣ ሆነ። ሲያነብ ድምፁ አይወጣም አይወርድም። እሷ ትስቅበታለች። «ፌርማታ አትጥራ፣ አንብብ!» ሥራ ያደከመው ቀን አንድ ሁለት ገጽ ሹልክ ብሎ ማለፍ ይሞክራል፤ እሷ ግን የማታውቀው የባሕር ጥግ የለም። «ደሴቷን ዘለልካት» ትለዋለች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ሁለቱም የወደዱት የመርከቧን ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ነበር። ከካፒቴኑ ጋር በሽንኩርት የሚጣላ፣ ማዕበል ሲነሳ ከሰው ይልቅ ድስቱን የሚያስር፣ ነጭናጫ ሰውዬ። መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ግን ጠላት መርከቧን በጠባብ መተላለፊያ ይከባታል፤ ሽማግሌው አንዲት ጀልባ ላይ እሳት ለኩሶ፣ ለመርከቧ መንገድ ሊከፍት ብቻውን ወደ ጠላት ይወጣል። ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ተያዘ። እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ፣ አልወጣለትም።

«ኋላ ማርሽ!» አለች እሷ።

«ምን?»

«ጨዋታው ላይ የሞተ ሰው ካለፈው ወደብ ነው የሚነሳው። ወደቡ ድረስ መልሰው።»

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ። ወደቡ ላይ ሽማግሌው በሕይወቱ አለ፤ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይሳደባል። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጀልባዋ ዘንድ ሲደርሱ እሷ «ኋላ ማርሽ» ትላለች፣ እሱ ይመልሳል። «አንቺ ብሎ ወንበዴ!» ይላታል፤ «ሆደ ቡቡ።» ሆስፒታል ከገባች ወዲህም እንደዚያው ነበር። መጽሐፉ አላለቀም፤ እሱም ስለማለቁ አስቦ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ከአንድ ጓደኛው ጋር መጣ። ጓደኛው ባንክ ነው የሚሠራው፣ ክራቫት አስሯል። ሹፌሩን አቅፈው አጠገቡ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ድሮው ማውራት ጀመሩ። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

«ያ ሽማግሌ አብሳይ ትዝ ይልሃል?» አለ ክራቫታሙ። «እሱን ለማትረፍ ያላደረግነው ነገር አለ?»

«ምን ዋጋ አለው። ጨዋታው ሲሠራ ነው እንዲሞት የተሠራው። ካፒቴን ተናግራን የለ? ‹እሱ ጋ ወደብ መመለስ የለም፤ አልፋችሁ ሂዱ› እያለች።»

ሹፌሩ ዓይኑን ገለጠ። «ከዚያ በኋላም አለ እንዴ?»

«ምን፣ ጋሼ?»

«ሽማግሌው ከሞተ በኋላ። ታሪኩ ይቀጥላል?»

«እንዴ! ዋናው እኮ ገና ከዚያ በኋላ ነው። እሷማ ስንቴ ጨርሳዋለች።»

«እኔን ግን ወደ ወደቡ ትመልሰኝ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ሁልጊዜ። አልችል ብላ መስሎኝ።»

መካኒኩ ጓደኛውን አየ፤ ከዚያ በቅባት የጠቆሩ ጥፍሮቹን። «አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጽሐፉን ጨረሳችሁ ወይ ስላት፣ ‹እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። ማለፉ አይቀርለትም፣ እኔ የሌለሁ ቀን ያልፈዋል፤ አሁን ምን አስቸኮለኝ› አለችኝ።»

ሹፌሩ ለእሷ ሲል ገጹን የሚመልስ መስሎት ነበር፤ እሷ ደግሞ ለእሱ። እንዲህ ሲተዛዘኑ ኖረው እሷ ብቻዋን አለፈች። አሁን ያንን ገጽ መሻገር እሷን ወደቡ ላይ ጥሎ መሄድ ሆኖ ታየው፤ ፈራም። አለመሻገር ግን ትታለት የሄደችውን ሥራ አለመሥራት ነው።

«ከዚያ ምን መሰለዎት፣ ጋሼ፣ መርከቧ...» ብሎ መካኒኩ ሊጀምር ሲል፣

«ተው! አትንገረኝ» አለው።

ተነስቶ ወደ ቡፌው ሄደ። እህቱ መሳቢያውን ሲስብ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች፤ እሱ አላያትም። መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አድርጎ ያቺን ጀልባ ፈለጋት። ቦታዋን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል።

ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ። አንዳንዱ ሐዘኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብሎ ደነገጠ። ዳኛው ግን ጆሯቸውን ለማቅረብ ሶፋው ጫፍ ላይ መጡ። ሽማግሌው እሳቱን ለኮሰ። ካፒቴኑ «ተመለስ!» እያለ ይጮኻል፤ ሽማግሌው መቅዘፊያውን አንስቶ እንደ ማንኪያ ወዘወዘለት። «‹ድስቱን እንዳታሳርሩት› አለና ገመዱን...»

ድምፁ ተያዘ።

ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቶቹ በልማዳቸው ወደ ኋላ ገጾች ሄደው እዚያው ቆሙ። የሚመጣውን ቃል ጠበቀ። መካኒኩ ራሱን ደፍቷል። ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ሹፌሩ እውነት መሞቷን ያን ጊዜ አወቀ፤ እንባው መነጽሩ ሥር ወረደ።

እህቱ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። የያዘችው ትሪ አዘንብሎ ሻዩ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ልብ አላለችውም።

«ምነው ገተርከን?» አለች። «ከዚያስ?»

ሹፌሩ አውራ ጣቱን በምላሱ አረጠበና ገጹን ገለጠው።