ሥራ አስቁሞ የተሸለመው ሰማው

በኦጋዴን የጋዝ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የሚሠራው ሰማው ለእረፍት ወደ ቢቸና ሲመጣ፣ ፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት ይዞ ነበር። አባቱ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ምን ሠርተህ ነው የሸለሙህ?»

«ሥራ አስቁሜ ነው፣ አባባ።»

«ሥራ ያስቆመ ይባረራል እንጂ ይሸለማል እንዴ?»

ሰማው ሳቀና ነገራቸው። ክሬኑ ከባድ ቧንቧ ሊያነሳ ሲል፣ የብረት ገመዱ ክሮች አንድ ቦታ ላይ ተበጣጥሰው አየ። «ቁም!» ብሎ ጮኸ። አለቃው ግማሽ ቀን ባከነብን ብሎ ተቆጣው። ገመዱ ወርዶ ሲፈተሽ ግን ውስጡን ዝገት በልቶት ተገኘ። በወሩ መጨረሻ ያው አለቃ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠርቶ ሸለመው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሥር ሰው ነበር?»

«ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የሦስት ልጆች አባት ነው።»

«ተመስገን!» አሉና ወረቀቱን በገዛ እጃቸው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው እቤታቸው ሲሰበሰብ፣ ልጃቸውን አስነስተው ታሪኩን አንድም ሳያስቀሩ ተረኩ። ከሞጣ የመጡት አክስቱ ወይዘሮ ታንጉት እልልታቸውን አቅልጠው ሲያበቁ፣ «የእኔም ባል በየቀኑ ሥራ ያቆማል፤ እሱንስ ማን ይሸልመው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ባልየውም አብረው ሳቁ። ሰማው በተሸለመበት ዕለት በሥራ ቦታው ሲጨበጨብለት እንኳ እንዲህ ደስ አላለውም ነበር።