ያልተነካ ፎቶ

"ጥርስ ቢሆን ድድሽ ያብጣል እንጂ ከንፈርሽ አይንጋደድም" አለች ታላቅ እህቷ። "እስኪ ሳቂ።"

"ምን የሚያስቅ ነገር አለና?"

"ዝም ብለሽ ሳቂ።"

"እማዬ፣ ተያት በያት።"

እናትየው ፊቷን ከምድጃው ሳታዞር ሁለቱም ዝም እንዲሉ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርጎ እንዲጉመጠመጥ አዘዘች። ጭቅጭቁ የጀመረው ገና ከመኝታ ሳይነሱ ነበር። ታናሽየዋ ጓደኛዬ ጋ ልሰንብት ብላ ከቤት ከወጣች ሳምንት ሆኗት ነበር። ትናንት ስትመለስ ፊቷን በሻርፕ ተጠቅልላ፣ ጥርሴን አሞኛል ብላ በቀጥታ ወደ አልጋዋ ገባች። እናትየው አመነቻት። ታላቅየዋ ግን የሰው ፊት እያየች የምትኖር ሴት ናት። በአጎታቸው ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የሙሽራውን፣ የተመራቂውን፣ የሕፃኑን ፊት ስታሳምር ትውላለች፤ ብጉር ታጠፋለች፣ አገጭ ታቀጥናለች፣ የተጨፈነ ዓይን ሳይቀር ትገልጣለች። በፊት ጉዳይ እሷን ማታለል ከንቱ ድካም ነው።

"ባዶ ሆድ ነው የሚያነታርካችሁ" አለች እናትየው፣ ሾርባ የሞላውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። "በይ ቅመሺ፣ ጉንጮዬ።"

ጉንጮ የተባለችው ገና በክንድ ላይ ሳለች ነው። በዚያን ጊዜ ቤቱን የረገጠ ዘመድ ሁሉ ጉንጮቿን ቆንጠጥ አድርጎ ሳይስም አይወጣም ነበር። ትምህርት ቤት የምትጠራበትን ስም ቤት ውስጥ የሚያነሳው ከጠፋ ቆይቷል።

አልራበኝም ልትል ፈለገች። ትናንትም ማታ ሳትበላ የተኛችበት ምክንያት ነበራት። እህቷ ግን ዓይኗን ተክላባታለች። ማንኪያውን አነሳች፤ ፉት አለች፤ ደገመች። ወዲያው የምታውቀው ውጥረት ግራ ጉንጯ ውስጥ መጣ። ከውስጥ የሚነፋው ሰው ያለ ይመስል፣ ጉንጯ እናትና እህቷ እያዩት ቀስ እያለ ከፍ፣ ከፍ አለና እንቁላል አክሎ ቆመ።

እናትየው የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አላነሳችውም።

"ስበላ ነው እንዲህ የሚሆነው" አለች ጉንጮ ቶሎ ብላ፣ እነሱን የምታጽናና ይመስል። "ስተወው ይጎድላል።"

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ጓደኛዋ ጋ የሰነበተችው ተደብቃ ነው። የሄደችው ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ያለ የውበት ክሊኒክ ነበር። አፏን ከውስጥ በኩል በግራም በቀኝም ቀደው የጉንጮቿን ስብ አወጡላት። ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል ብለዋት ነበር፤ በእርግጥም ቶሎ አለቀ። ያወጡትን በትንሽ ሳህን አድርገው ሲያሳዩዋት፣ ቢጫ፣ ልስልስ ያለ፣ የቅቤ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ነበር፤ በደነዘዘ አፏ አይታው ስቃለች። ፊቷ ማበጥ ሲጀምር ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ያለ ነው፣ ታገሺው አለቻት። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ አለቻት። ከዚያ ወዲያ ስልኩን የሚያነሳ አልተገኘም።

እናትየው ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ሲጨረስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ጉንጭሽ ምን አደረገሽ?" አለች፤ ድምጿ ከወትሮው ቀጥኖ።

ሆስፒታል ይዛት የሄደችው እህቷ ነች። የፊት ቀዶ ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሳቂ አላት፣ አፏጪ አላት፣ ጉንጭሽን ንፊ አላት። የቀኙ ፊቷ ሁሉንም ታዘዘ፤ የግራው ዝም ብሎ ቆመ። ስታፏጭ አየሩ በግራ የከንፈሯ ጥግ ሾልኮ ወጣ፣ ድምፅ ሳይኖረው። ከዚያ ቀጭን መርፌ እብጠቱ ውስጥ አስገብቶ ሳበ። መግል ይወጣል ብላ ፊቷን ልታዞር የነበረችው እህቷ አንገቷን መለሰች። መርፌው ውስጥ የገባው ጥርት ያለ ውሃ የመሰለ ነገር ነው።

"ምራቅ ነው" አለ ሐኪሙ። "መውጫው ተዘግቶበት ነው ጉንጭ ውስጥ የሚጠራቀመው።"

ረጋ ብሎ አስረዳቸው። የጉንጭ ስብ ያለበት ቦታ ጠባብ ሰፈር ነው፤ የምራቁ ቱቦ አጠገቡ ያልፋል፣ ከንፈርን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭም እዚያው ነው። ስቡን ጎትቶ ያወጣ እጅ ትንሽ ከሳተ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ሳይስት ቢያወጣውም እንኳ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ፊቱ በራሱ ጊዜ ይሰረጉዳል፤ የወጣው ስብ ደግሞ አይመለስም። ጉንጮ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ነርቭ ያነሳ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው መቼ ሥራ እንደምትገባ ነው።

"ቱቦው መላ አይጠፋለትም" አለ ሐኪሙ። "እኔን ያሳሰበኝ ከንፈርሽ ነው። ነርቩ ተጨፍልቆ ከሆነ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ብንከፍተው እናባብሰዋለን። ተቆርጦ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መሰፋት አለበት። ካለፈ ይሄ ጎንሽ እንደዚሁ ሊቀር ይችላል።"

"በምን ይታወቃል?" አለች እህቷ።

"መጀመሪያ ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረውን ፈገግታዋን ልይ። ከፍጥረቱ አፉ ዘንበል የሚል ሰው ብዙ ነው። ምን ያህሉ የድሮዋ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ አሁን የመጣ እንደሆነ ካወቅኩ፣ ልክፈት ወይስ ልጠብቅ የሚለውን ለመወሰን ይረዳኛል። እየሳቀች የተነሳችው ፎቶ አምጡልኝ። ከሰዓት በኋላም እዚሁ ነኝ።"

ከጠዋት ጀምሮ የተኮሳተረው የእህቷ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። "ፎቶ ብቻ ከሆነማ ምን ገዶን" አለች። "የምንሠራው ፎቶ ቤት ነው።"

ፎቶ ቤቱ ደንበኛ አልነበረውም። ጉንጮ እሷ የምትሠራበት የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ መስታወቱ ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ላለማየት ሞከረች። የራሷ ፎቶ ነው፤ አጎቷ ለናሙና ብሎ ካሰቀለው ቆይቷል። ስታስበው የጥፋቱ ሁሉ መነሻ እሱ ነበር። የሚገባው ደንበኛ ፎቶውን ያያል፣ ከፎቶው ሥር የተቀመጠችውን ልጅ ያያል፣ ከዚያ ያቺ ታናሽ እህትሽ ናት ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ሰውየው ክፋት አልነበራቸውም፣ "እሷን ጥሪልን፣ ከእሷ ጋር እንነጋገር" ብለዋታል። ክሊኒኩ የሄደች ቀን ያንኑ ፎቶ በስልኳ ይዛ ነበር። እንዲህ አድርጉኝ አለቻቸው። ፊቷን ከፎቶው ጋር አስተያዩና ቀላል ነው አሏት።

እህቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የጉንጮ ፎቶ እንደ አሸዋ ነው፤ የልደት፣ የሠርግ፣ መብራት ለመሞከር የተነሳ፣ እንዲያው ሥራ ሲፈታ የተነሳ። ልቧ ሞልቶ አንዱን ከፈተች፣ አጎላችው። ሌላ ከፈተች። ሦስተኛው ላይ እጇ ዘገየ።

የፎቶ ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ያልተነካ ፊት ለሰው አይታይም፤ አጎታቸው ያወጣው ደንብ ነው፣ ፈጣሪ የጀመረውን እኛ እንጨርሳለን እያለ ይስቃል። ፎቶ ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር እንደገባ ታላቅየዋ ጉንጭ ታቀጥናለች። ከፊቱ የሚያምረውን ጎን ቀድታ፣ ገልብጣ፣ በሌላው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ሁለቱ ወገን እኩል ይሆናል። የተሠራው ይቀመጣል፣ ኦርጅናሉ ቦታ እንዳይዝ ይጠፋል። ማንም ሳያዛት፣ እጇ ስለለመደ ብቻ፣ በእህቷም ፊት ላይ ያንኑ ስትሠራ ኖራለች።

"ግራው የለም" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

"እንዴት የለም?"

"ሁሉም ቀኙ ነው። ግራሽን አንድም ቀን አልተውኩትም።"

የጉንጮ ስልክ ተፈተሸ። ካሜራው ራሱ ፊት የሚያሳምር ነው፤ ማሳመሪያው እንዴት እንደሚጠፋ ጉንጮ አታውቅም። መታወቂያዋን አወጡ። እሱም እዚሁ የተሠራ ነው። የሕፃንነቷ ፎቶ ላይ ወይ ትተኛለች ወይ ታለቅሳለች። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፣ ከመሃሉ ግን የጉንጮን አፍ የሚያሳይ አንድ የለም።

እናትየው ነገሩ አላስቀምጥ ብሏት ስትመጣ አጎትየውን በር ላይ አግኝታው አብረው ገቡ። እሱም የጉንጮን ፊት ሲያይ ሊናገር የነበረው ቀልድ አፉ ላይ ቀረ፤ ወዲያውም ክሊኒኩን እንደሚከስ ዛተ። እናትየው መጀመሪያ ይሄን መስታወቱ ላይ የሰቀልከውን ፎቶ ክሰሰው አለችው። ከዚያ ታላቅየዋ ሐኪሙ የፈለገውን ስትነግራቸው፣ እናትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ ምን ያደርግላችኋል፣ የወለድኳት እኔ እያለሁ አለች።

"ስትስቅ አፏ በግራ በኩል ዝቅ ይል ነበር" አለች። "ሕፃን ሆናም እንዲያው ነበረች።"

"በቀኝ ነው" አለ አጎትየው። "በሌንስ ስንቴ አይቻታለሁ።"

"አንተ ያየኸው ገልብጠህ ነው።"

"ሌንስ አይገለብጥም።"

ሁለቱም ወደ ታላቅየዋ ዞሩ። እኩል ነበር ልትል አማራት፤ እኩል ያደረገችው ግን እሷው መሆኗን ታውቃለች።

ጉንጮ አንዱን ትታ ሌላውን እያየች ቆማለች። ሐኪሙ ከነገራት የበለጠ ያስደነገጣት ይሄ ሆነ። አንድ ቤት አብረው በልተው፣ በየቀኑ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ አፏ ወዴት እንደሚሄድ አንዱም አያውቅም። እሷም አታውቅም። በጣቷ ግራ ከንፈሯን ነካችው፤ የሌላ ሰው ገላ የነካች ያህል ነበር።

"እትዬ" አለች። "አንሺኝ።"

"ምን?"

"ፎቶ። አሁን።"

ወርቃማው መጋረጃ ፊት ያለው በርጩማ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሻርፑን ፈታችው። እህቷ ካሜራውን አነሳች፤ መብራቱን በልማድ ወደ ቀኝ ልትገፋ ስትል ጉንጮ እንዳለ ተይው አለቻት። ከዚያ የቻለችውን ያህል ሳቀች። በአንድ ወገን ጥርሷ ታየ፣ በሌላው ከንፈሯ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካሜራው ቀጭ አለ። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የእህቷ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ማውሱ ሄደ፤ ቀስቱ ግራው ጉንጭ ላይ ደርሶም ነበር። ጉንጮ የእህቷን የእጅ አንጓ ያዘች።

"እንዳለ አትሚው። ሐኪሙ ከፍቶ ሲጨርስ የሚያስተያይበት ይኑረው።"

"ይከፈት ነው የምትይው? ይባስ ቢልስ?"

"ቁጭ ብዬ ልጠብቀው አልችልም።"

ፎቶው ከማተሚያው ሞቅ ብሎ ወጣ። አጎትየው ስለ ጠበቃ ጀመረ፤ የሚያውቀው ሰው አለ። እናትየው ሙግት ጉንጭ አይመልስም አለችው። ታላቅየዋ አንዱን ፎልደር ዘግታ ሌላ ከፈተች፤ ምናልባት አንዱ አምልጦኝ ይሆናል እያለች፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ። በግራ ነው፣ በቀኝ ነው የሚለው ክርክር እንደገና ተነሳ፤ አጎትየው በእጁ የራሱን አፍ እየጎተተ ለእናትየው ያሳያት ጀመር።

ጉንጮ ፎቶውን በደብተሯ ገጾች መሃል አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሻርፑን በርጩማው ላይ ተወችው። በሩ ላይ ልጇን ያቀፈች ደንበኛ ስትገባ ጉንጮ ወደ ጎን ብላ አሳለፈቻትና ወደ ሆስፒታሉ ለመሄድ ወጣች።

"ግቡ፣ ግቡ" አለ አጎትየው፣ እጁን ከአፉ አውርዶ። "ለልጁ ነው?"