ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

ወንድይራድ ከግሌንዴል ሲመለስ ሥራ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር፤ ደግሞ ያጣ ሰውም ይመስል ነበር። የትኛው እንደሆነ ራሱም አላወቀም። ክራባቱን እያላላ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የጋሼ አሥራት ምግብ ቤት ገባ።

«እህሳ! ተቀጠርክ?» አሉት ጋሼ አሥራት ገና በሩ ሳይዘጋ።

«እኔንጃ፣ ጋሼ።»

«እንዴት እኔንጃ? ኢንተርቪው የገባኸው አንተ፤ እኔ ልንገርህ?»

የአክስቱ ልጅ ፅጌ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ነበር። ፓሳዴና የሆስፒታል ቢሮ ስለምትሠራ፣ የዚህን አገር የሥራ ፍለጋ ብልሃት ያስተማረችው እሷ ናት።

ወንድይራድ ቡዳፔስት ተምሮ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኮምፒዩተር ክፍል ሠርቷል። የስንት ሺህ ሰው ደመወዝ የሚያሰላውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ሎስ አንጀለስ ግን የሚታወቀው የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ነው። አሁን ደግሞ የፓርኪንጉ አለቃ የቀኑን ፈረቃ በቋሚነት ውሰድ፣ ዛሬ ማታ መልስህን እፈልጋለሁ ብሎታል። ቀኑን ከያዘ ለኢንተርቪው የሚሮጥበት ሰዓት አይኖረውም፤ ኮምፒዩተሩም በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ሰሞኑን የጎረፈለት ምክር ራሱ ፈተና ሆኖበት ነበር። ፅጌ አራት ገጽ የነበረውን ሬዙሜ ወደ አንድ ገጽ አወረደችው። «ይህን ሁሉ ካዩ ኦቨር ኳሊፋይድ ነህ፣ ለዚህ ሥራ ትበዛለህ ብለው ይመልሱሃል፤ እነሱ የሚፈልጉትን ብቻ ተናገር» አለችው። ጋሼ አሥራት በበኩላቸው «አገሩ የጉራ አገር ነው፤ ጨምር እንጂ አትቀንስ» አሉት። አንዷ አሳንስ፣ አንዱ አግዝፍ። ፓልምስ ሠፈር ካለው ክፍሉ ጠዋት ሲወጣ የትኛውን ወንድይራድ ይዞ እንደሚሄድ አልቆረጠም ነበር።

«ከመጀመሪያው ንገረን» አለች ፅጌ።

«ሚስስ ኮልማን የምትባል ናት። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። የደመወዝ ፕሮግራማቸው አሮጌ ነው፤ የጻፈው ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል። የተጻፈበትን የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ኮቦልን፣ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተሃል? አዎ። ብቻህን ትችለዋለህ? አዎ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። ተነሥታ ውሃ አመጣችልኝ።»

«ውሃ?» አሉ ጋሼ አሥራት።

«ውሃ። አትደንግጥ፣ ከባድ ኃላፊነት መሆኑን አውቃለሁ፣ አስብበትና ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ደውልልኝ፣ ሌላም አመልካች አለን አለችኝ። ምኑን ነው የማስበው? አዎ አልኩ እኮ!»

«ሶ ጉራው አንሷል ማለት ነው» አሉ ጋሼ አሥራት።

ፅጌ ግን ሹካዋን አስቀመጠች። «እስቲ ለእኔ አዎ በለኝ። ኮቦል ታውቃለህ?»

ወንድይራድ ቅንድቡን ከፍ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ፅጌ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰው! ሴትዮዋ እኮ የደነገጥክ መስሏታል! እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ አስም አለብሽ ወይ ብላኛለች።»

«በእንግሊዝኛ ነው ያወራሁት እኮ!»

«ወሬው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትንፋሹ በአማርኛ።»

ጋሼ አሥራት እንደ መሞከር ብለው አየር ሳቡና ራሳቸውን ታዘቡ። «ዕድሜ ልኬን ለፈረንጅ ስደነግጥ ኖሬያለሁ በለኛ!» ብለው የባንኮኒውን ስልክ ወደ እሱ ገፉለት። «ደውል።»

ወንድይራድ እጀታውን አንሥቶ ቆመ። ለኮቦሉ የሳበው ትንፋሽ አዎ ነበር፤ ይህን አይጠራጠርም። «ብቻህን?» ስትለው የሳበው ግን ምን ነበር? አዲስ አበባ ማሽኑ ሲቆም ሦስት ሆነው ነበር የሚያጎነብሱበት። ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ምናልባት ሴትዮዋ ውሃውን ያመጣችው እውነቱን ሰምታ ይሆናል። የገዛ ትንፋሹን መተርጎም አቃተው።

«ደውል እንጂ! አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው» አለች ፅጌ።

ደወለ። ሚስስ ኮልማን አነሣች። «አሰብክበት? ትችለዋለህ?» አለችው።

አየሩ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ገባ። በስልክ ግን ፊት የለም፤ ቅንድብ የለም።

«ሃሎ? አለህ?»

«አለሁ» አላት። «አዎ። ኮቦሉን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ራሴ ጽፌያለሁ። የእናንተን ፋይሎች ግን አላውቃቸውም። እስክለምዳቸው ድረስ የምጠይቀው ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሰው እፈልጋለሁ» ሲል ፅጌ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ አሥራት ግንባራቸውን መቱ። ወንድይራድ ጀርባውን ሰጥቷቸው ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ «ኦኬ» አለ፤ እንደገና «ኦኬ» አለ፤ ዘጋ።

«ምን አለችህ?» አለች ፅጌ።

«ጠዋት ደንግጠህ ነበር፣ አሁን ደግሞ የምትፈልገውን የምታውቅ ሰው ሆነሃል አለችኝ። ጡረታ የወጣው ሰውዬ በስልክ ይረዳሃል አለች። የሙከራ ነው፤ ሰኞ ና አለችኝ።»

«እኮ ያዝከው? ለፓርኪንጉ ሰውዬ አይሆንም ትለዋለህ?» አሉ ጋሼ አሥራት።

ወንድይራድ አፉን ከፈት፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አየር ሳበ።

«ኧረ በአፍህ ተናገር!» ብለው ጮኹበት፣ ሁለቱም።