በቀይ ሸራ ላይ የሩዝ መስመር

የወንድሜ ልጅ ሂረን ስድስት ዓመት ሙሉ የግሪክ አፍንጫ ሲስል ኖሯል። አላጋነንኩም። ሥዕል በተማረበት ቤት እንግሊዞቹ ከጀሶ የተሠራ የግሪክ ሐውልት ጭንቅላት ያስቀምጡና «ይህን ሳል» ይሉታል፤ እሱም ይስላል። በኋላ እንግሊዞቹ ሄዱ፣ ባንዲራችን ተሰቀለ፣ የካልካታ ጋዜጣ ሁሉ «አሁን ሕንድን ሳሉ!» ብሎ ጮኸ። ሂረን ግን ሕንድን ከየት ጀምሮ እንደሚስላት ጠፋው። አንድ ሰሞን በሬና ጋሪ ሳለ። ቀጥሎ እንስራ የተሸከሙ ሴቶች ሳለ፤ አፍንጫቸው ግን ያው የግሪክ ነው። ከዚያ ከፓሪስ የመጣ መጽሔት እጁ ገባና ሰዉን ሁሉ አራት ማዕዘን ያደርገው ጀመር።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ገበሬ ነው፣ አክስቴ።»

«ምነው፣ ጣሪያ ወድቆበት ነው?»

እሱ ሳቀ። እናቱ ማላቲ ግን አልሳቀችም። ነጻ ከወጣን ስምንት ዓመት ሆኖን አንድ ሥዕል እንኳ አልተሸጠለትም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ልጄ። ዘንድሮ ለመንግሥት ሥዕል የሚመርጠው የዴልሂ ኮሚቴ ካልመረጠህ የጆንያ ፋብሪካው ጸሐፊ ትሆናለህ። አበቃ» አለችው። ወንድሜ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ቤት የሚገኘው በወር ሁለቴ ነው፤ በቤቱ የምታዝዘው እሷ ናት።

እኔ ኪሮዳ በአሥራ አንድ ዓመቴ ተዳርኩ፤ በአሥራ አራት ዓመቴ ባሌ በተስቦ ሞተና ወደ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ። መልኩን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጌጤን ሲያወልቁ፣ ፀጉሬን ሲላጩና ጥለት የሌለው ነጭ ሳሪ ሲያለብሱኝ ነው። ከሁሉ የከፋኝ ግን አልፖና መከልከሌ ነበር። ሩዝ ይዘፈዘፋል፣ እስኪልም በወፍጮ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ጨርቅ ይነከርበትና በቀለበት ጣት በኩል ወለሉ ላይ ይፈስሳል። አበባ፣ ሐረግ፣ ዓሣ፣ ሀብት ይዛ ወደ ቤት የምትገባው አምላካችን የላክሽሚ የእግር ዱካ ይሳላል። ለሰርግና ለበዓል ይህን የሚስሉት ባል ያላቸው ሴቶች ናቸው። የመበለት እጅ የነካው ደጃፍ በረከት አይገባበትም ይባላል።

ስለዚህ በጓሮ፣ ለብቻዬ በማበስልባት ማድ ቤት እስል ነበር። መስመሩ እርጥብ ሳለ እምብዛም አይታይም፤ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ሲደርቅ ነው። እኔ ደግሞ ሳይደርቅ እጠርገዋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬ የገዛ መስመሬ ሲነጣ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሂረን ውሃ ሊጠጣ መጥቶ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ። ልጠርገው ስል እጄን ለቀም አደረገ።

«ተዪው! ተዪው፣ አክስቴ፣ በእናትሽ!»

«እናትህ ብታይ ትገድለኛለች።»

መሬት ላይ ተንበርክኮ መስመሩ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። በማግሥቱ ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም የቀባው ትልቅ ሸራ አምጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋ፤ የሩዙን ውሃ ሙጫ ጨመረበትና ጨርቁን ሰጠኝ። ለሱ ብዬ ነው የሳልኩት ብል ደስ ባለኝ። ለራሴ ነው። እየዞርኩ ሦስት ቀን ሳልኩ፤ እሱ በመስመሮቹ መካከል ጥቂት ቀለም ጨመረና ከሥሩ ፈረመ። ሲፈርም አየሁት፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ዝናቡ ሲያባራ የኮሚቴው ሰው ባዱሪ ባቡ መጡ። ለንደን የተማሩ፣ ፒፓቸውን ከአፋቸው የማያወጡ ሰው ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። በሬውንም፣ አራት ማዕዘኑንም እያዩ አለፉና ቀዩ ሸራ ጋ ሲደርሱ ፒፓቸውን አወጡ።

«ይሄ መስመር ትምህርት ቤት አልገባም!» አሉ። «ይሄ የሕንድ እናት እጅ ነው። ስንፈልገው የኖርነው ይሄንን ነው!»

እኔ አንድም ልጅ ያልወለድኩ ሴትዮ ሳቄን በሳሪዬ አፈንኩ። ደስታው ግን ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶ ነበር።

ሥዕሉን መንግሥት እንደሚገዛው ነገሩት። ቀጥለውም «በጥር አዲስ ሕንፃ እናስመርቃለን። የመግቢያውን ወለል በዚሁ መስመር ታስጌጥልናለህ። ሚኒስትሮቹ በላዩ ይገባሉ። እስቲ አሁን ትንሽ አሳየኝ» አሉት።

ሂረን ጨርቁን ነከረ። የወጣው መስመር ትል ይመስል ነበር። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠና፣ ይባረክ፣ እውነቱን ተናገረ።

«አክስቴ ናት የሳለችው።»

«እንዲያውም እሰየው! ጥራቸዋ!» አሉ ባዱሪ ባቡ።

ወጣሁ። የተላጨ ራሴን፣ ነጭ ልብሴን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እኔ በበኩሌ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አሉ ሂረንን እያዩ። «ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሥዕል ነው፤ ማን ሳለው የሚል የለም። ደጃፍ ግን... የአገር ምርቃት ነው። ሰው ያወራል።» ከዚያ አጠገባችን በቆመችው በማላቲ ፀጉር መሐል ባለትዳር ሴት የምትቀባውን ቀይ ቀለም አዩና ፊታቸው በራ። «ለምን እርስዎ አይመጡም፣ እመቤቴ? እሳቸው ያሠለጥኑዎታል። እርስዎ ይስላሉ።»

ማላቲ መሬት መሬት አየች። ሂረን ወደኔ ዞረ። በዓይኑ ይለምነኝ ነበር፤ ሕፃን ሳለ ጣፋጭ እንድሰርቅለት ሲፈልግ እንደሚያየኝ አየኝ።

«አላስተምርም» አልኩ። «አገሩ እጄን ከፈለገ ከነነጭ ልብሴ ይውሰደኝ። እጄን ቆርጬ ለማንም አላውስም።»

ድምፄ እንዲያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባዱሪ ባቡ ፒፓቸውን ለኮሱ። «እንግዲያው ምንጣፍ እናነጥፋለን» አሉ፤ ሥዕሉን ግን አልተዉትም። ከሥሩ ስንት ስም እንደሚጻፍ ማንም አልጠየቀም። ሂረንም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው? በሳምንቱ ሸራው በሂረን ስም ብቻ ተጠቅልሎ ሄደ። ጋዜጣ ላይ «ሕንድን ያገኘ ሠዓሊ» ተባለ፤ ዴልሂ ሥራ ሰጡትና እሱም ሸራውን ተከትሎ ሄደ። ከዚያ ሆኖ «አክስቴ፣ አንድ ቀን እናገራለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ሩዝ ማሰሮው ሥር አስቀመጥኩት።

የላክሽሚ በዓል ደረሰ። በበዓሉ ጠዋት ማድ ቤቴ ደጃፍ ላይ ማላቲ ቆማ አገኘኋት። በእጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። ራሷ የፈጨችው ሩዝ ነበር፤ ክርኗ ድረስ ነጥታለች።

«ነይ የፊቱ በር ላይ አልፖና ሳዪልኝ» አለች።

«ምነው አንቺ? እጅሽ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«ጎረቤት ያያል፣ ማላቲ።»

«ይይ።» አንገቷን ደፋች። «ያ ሰውዬ ፊቱን ሲያዞርብሽ የራሴን ፊት አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነበር የማይሽ።»

ማቀፍ አማረኝ፤ መጮህም አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ሳህኑን ተቀብዬ ሩዙን በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት፤ አሸዋ አሸዋ ይላል።

«አልላመም» አልኳት። «ድገሚው።»

ሳህኑን ተቀበለችኝና ተመልሳ ወፍጮው ላይ ተንበረከከች።